ልቡ ደንድኗል

አባቴና አጎቴ መንታ ነበሩ። መንታ ስላችሁ ዝም ብለው የሚመሳሰሉ ወንድማማቾች እንዳይመስሏችሁ። የወለደቻቸው እናታቸው፣ አያቴ ዐዚዛ፣ ከኋላ ስታያቸው ሁለቱንም ስም ጠርታ ማን እንደሚዞር የምትጠብቅባቸው ዓይነት መንታ ነበሩ። አባቴ ዐብዱረሕማን ሩብ ሰዓት ቀድሞ ተወልዷል፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ ሲኮራባት ኖረ። እኔ አፌን ስፈታ ሁለቱንም «አባዬ» እያልኩ ስጣራ ሁለቱም እኩል «አቤት» ይሉኛል። በዚህ ጊዜ እናቴ ሐዲጃ መላ ፈጠረች፤ አባቴ ትልቁ አባዬ፣ አጎቴ ዐብዱልከሪም ትንሹ አባዬ ተባሉ። ትንሹ አባዬ በስሙ ደስተኛ አልነበረም።

ሱቃቸው ጎንደር አራዳ ነበር። ደጃፏ ላይ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን የተቀመጠባት፣ ውስጧ እስከ ጣሪያ ጣቃ ጨርቅ የተደረደረባት ጠባብ ሱቅ ናት። ደርግ ሲወድቅ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዘጠኝ ዓመታት ዛሬም ሳስባቸው ሆዴ ይባባል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ እቀመጥና የሁለቱን መኪና ድምፅ እሰማለሁ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ሁለቱም አንድ ላይ ካቆሙ የሚሳቅ ነገር ተገኝቷል ማለት ነው። ጳጉሜን የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ጥር ሲቃረብ ደግሞ ጎንደር ሁሉ ለጥምቀት አዲስ ልብስ ስለሚያሰፋ፣ እነዚህ ሁለት ሙስሊሞች ጥምቀት ስንት ቀን እንደቀረው ከሰፈሩ ቄስ ቀድመው ያውቁ ነበር።

እንደ ልብስ ሰፊ ሁሉ ቀጠሮ አያከብሩም። የእነሱ ግን ባሰ። አንዱ «ሐሙስ ይደርሳል» ብሎ ይሸኛል፤ ሐሙስ ደንበኛው ሲመጣ ያው ሰውዬ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እኔ አላልኩም፣ ወንድሜ ይሆናል» ይላል። እትዬ እታገኘሁ የምትባል አስተማሪ ሦስት ሐሙስ ከተመላለሰች በኋላ መላውን አገኘችው። ቀጠሮ የሰጣትን ሰውዬ ጎንበስ ሲል ጠብቃ፣ ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አንሥታ ጀርባው ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገችበት። በማግስቱ መጥታ «ዙሩ!» አለቻቸው። አባቴ ያን ኮት አልቀየረም ነበር። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቀሚሷም ያን ቀን አለቀላት።

በ1992 ትንሹ አባዬ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው እንፍራንዝ ሚስት አገባ፤ ሱቅም እዚያው ከፈተ። አባዬ የወንድሙን መኪና ራሱ ፈታታው፣ በዘይት ጠራረገው፣ ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኖ ሸኘው። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ የሚሰማው አንድ መኪና ብቻ ሆነ። አባዬ መኪናውን ባቆመ ቁጥር ቀና ብሎ ጎኑን ያያል፤ ከዚያ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ቢሆንም በየሁለት ሳምንቱ ይገናኙ ነበር፤ አንዱ ይሄዳል ወይ ሌላው ይመጣል።

የተለያዩት በ1996 ኅዳር ውስጥ ነው። አያቴ ዐዚዛ የንጋቱን የሱብሒ ሶላት ሰግዳ እዚያው መስገጃዋ ላይ ወደ አኼራ ሄደች። እኛ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ ጠዋት የሞተ ሳይመሽ ይቀበራል። ያኔ እንፍራንዝ ስልክ ያለበት ቤት ጥቂት ስለነበር፣ መርዶው ትንሹ አባዬ ጋ ሲደርስ ረፍዶ ነበር። መንገዱም እየተሠራ ስለነበር ሚኒባሱ ከሚሄድበት የሚቆምበት ይበዛል። የቀትሩ ዙህር ሶላት እንደተሰገደ ተሰገደባትና ተቀበረች። ትንሹ አባዬ የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ጩኸቱን ከጓሮ ሆኜ ሰማሁት። ለቀስተኛው መሃል ቆሞ «እናቴን ሳላያት ቀበርክብኝ! አንተ ልበ ደንዳና!» አለው። አባዬ ቃል አልመለሰም። ያ ዝምታው ይመስለኛል ነገሩን ያባሰው። ትንሹ አባዬ ሦስቱን የሐዘን ቀን ጎረቤት ቤት ተቀምጦ «ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም» ብሎ ሄደ። ሽማግሌ ተላከ፣ ሼኽ ተላከ፣ ወይ ፍንክች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ዒድ መጥቶ ሄደ፤ ወንድም ከወንድሙ ሳይተያይ።

በመሃሉ እኔ ተምሬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ተቀጠርኩ። አባዬን መጀመሪያ የከዳው እጁ ነበር። ሁለቱም እጆቹ ሌሊት ይደነዝዙታል፤ ቀን መርፌ ከጣቱ ይወድቃል። «መቀሱ ነው» አለ፣ እኛም መቀሱ ነው አልን፤ አርባ ዓመት መቀስ የጨበጠ እጅ ቢደክም ምን ይገርማል? ዓመታት አልፈው ትንፋሹ ያጥረው ጀመር። ከአራዳ አዲስ ዓለም ወደሚገኘው ቤታችን ሲመለስ አንዴም ሳይቆም ይጨርሰው የነበረውን መንገድ አራት ቦታ ያርፍበታል። ደም ግፊት ነው ተባለና ኪኒን ተሰጠው፤ ኪኒኑ ጭራሽ አዙሮ ጣለው።

ከዚያ ዶክተር ማስተዋል መጣች። ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ የልብ ሐኪም ናት። የአባዬን ልብ በአልትራሳውንድ ደጋግማ አየችና «ጋሼ፣ እጅዎን ያምዎታል?» አለችው። ስለ ልብ ለመጣ ሰው ስለ እጁ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። እናቴ «ይህቺ ልጅ አፏ ይቀድማታል» ትላለች። ያን ቀን ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። ለካ ጥያቄው ትክክል ነበር።

ወደ ውጭ አውጥታ ለብቻዬ አስረዳችኝ። «ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን አለ። በደንብ ተጣጥፎ ደም ውስጥ ይዞራል። የአባትሽ ግን ይፈታና ያለ ቅጡ ተጣጥፎ ይከማቻል፤ መጀመሪያ እጃቸው አንጓ ውስጥ፣ በኋላ የልብ ጡንቻቸው መሃል። ጡንቻው ወፍሯል፣ አይለጠጥም። በአጭሩ ልባቸው ደንድኗል።»

ይህችን የመጨረሻ ቃል ልብ በሉልኝ። እኔ እንደ ሥራ ቃል ሰማኋት፤ እንደ «ደም አንሷል»፣ እንደ «ስኳር ጨምሯል»። ሌላ ትርጉም ያላት መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከሆዱ ቆዳ ሥር ትንሽ ስብ፣ ከክንዱም ደም ተወስዶ ውጭ አገር ተላከ። መልሱ ሲመጣ የዘር ነገር መሆኑ ታወቀ፤ ፕሮቲኑን የሚያዘው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ እዚያም ገና በሙከራ ላይ ነበር። ሰውነቱ ያጠራቀመውን ውኃ የሚያስሸና ኪኒን ተሰጠውና ጨው ተከለከለ። ዶክተር ማስተዋል መልሱን ስታነብልን ቆየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ መንታ ወንድም አለኝ ብለውኝ ነበር። በጣም ነው የምትመሳሰሉት?»

«እናታችን እንኳ ትሳሳት ነበር» አለ አባዬ።

«እሳቸውስ ደህና ናቸው?»

አባዬ መለስ ብሎ እኔን አየኝ። ከእንፍራንዝ የሚመጣ ሰው የሚነግረን ወሬ ትንሹ አባዬ ስድሳ ዓመት አልፎትም ጉዛራ ግንብ ድረስ በእግሩ እንደሚወጣ ነው። ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። የሐኪም ነገር! ሰው ታሞ እያየች ዓይኗ በመብራቱ ልቆጣት ስል ማስረዳት ጀመረች።

እንዲህ ነው። የሁለቱ መንታዎች ጂን አንድ ነው፤ አባዬ ያለው ጥፋት አጎቴም ጋ አለ ማለት ነው። ግን ይህ ጂን ያለበት ሰው ሁሉ አይታመምም። አንዱ በሃምሳ ዓመቱ ይወድቃል፣ ሌላው ሰማንያ ዓመት ኖሮ በሌላ ነገር ይሞታል። ከጂኑ በላይ ሌላ ነገር አለ ይላሉ ተመራማሪዎች፤ ኤፒጄኔቲክስ ይሉታል። ጂኑ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። ፊደሉን አይቀይሩም፤ የትኛው ይነበብ፣ የትኛው ይዘለል የሚለውን ነው የሚያዙት። ዕድሜ፣ ምግብ፣ ረኀብ፣ ሕመም፣ ጭስ፣ ኑሮ ሁሉ ምልክቶቹን ሊቀያይር ይችላል። «ገና ጥናት ነው፤ ለአንድ ሰው ‹በዚህ ታመሙ› ብዬ ልነግር አልችልም» አለች። «ግን እንደናንተ ያሉ መንታዎች ቢገኙልን፣ ጂናቸው አንድ ሆኖ ምልክቶቹ የት ላይ እንደሚለያዩ ማየት እንችላለን።»

እኔ ከላብራቶሪ ቃላት ጋር ስታገል አባዬ ቀድሞ ገባው።

«ጨርቁ አንድ ጣቃ ነው» አለ። «ጠመኔው ነው የተለያየው። እዚህ ቁረጥ፣ እዚህ እጠፍ፣ ይህን ተወው የሚለው ጠመኔ።»

«በቃ እሱ ነው!» አለች ዶክተር ማስተዋል። «ከዛሬ ጀምሮ ለተማሪዎቼ እንዲህ ነው የምነግራቸው።»

አባዬ እትዬ እታገኘሁ ትዝ አለችው መሰለኝ፣ መሣቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሳሉ እስኪበርድለት ጀርባውን ያዝኩት። አጥንቱ ይቆጠር ነበር።

ማታ ቤት ስንገባ ግን ስለ ጥናቱ አላወራም። «ፈህሚያ» አለኝ፣ «ከመሞቴ በፊት ከሪምን ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞ ይህ ነገር እሱም ውስጥ ካለ ሳይረፍድበት ይወቀው። ደውይለት። እኔ ከሆንኩ አያነሣውም።»

በማግስቱ ደወልኩ። ጥቅምት 2009 ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ድምፁን ስሰማ የአባቴ ድምፅ ስለሆነ ደነገጥኩ፤ የጤነኛው አባቴ ድምፅ። ደንግጬ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ያሰብኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት።

«ትንሹ አባዬ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። የአባዬ ልብ ደንድኗል አለችን።»

ቀስ ብሎ፣ «ይህን ለማወቅ ሐኪም አስፈለጋችሁ?» አለና ስልኩን ዘጋው።

ደሜ ፈላ። አባቴ ሊሞት ነው ስለው የሚያሾፍ ሰው! መልሼ መደወል እችል ነበር። ያን ቀን፣ በማግስቱ፣ በሣምንቱ መደወል እችል ነበር። ወላሂ ዳግመኛ አልደውልለትም ብዬ ማልኩ። ለአባዬ እውነቱን ብነግረው ልቡ ይሰበራል ብዬ «ስልኩ አይሠራም፣ ቁጥር ሳይቀይር አይቀርም» አልኩት። ውሸቴን ነው። አባዬም አመነኝ። በየጊዜው «ቁጥሩ አልተገኘም?» ይለኛል፤ «እያፈላለግን ነው» እለዋለሁ። ከጥር ጀምሮ ከአልጋው እስከ በሩ ብቻ ይሄድ የነበረው ሰውዬ በግንቦት ከአልጋው መነሣት አቃተው።

ሰባት ወር እንዲህ ሄደ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን የናሙና ውጤት ይዤ ዶክተር ማስተዋል ክፍል ስገባ፣ ከዳባት የመጣች እንኳየሁ የምትባል ሴት እናቷን አስቀምጣ የምርመራውን መልስ ታዳምጣለች። የእናትየዋ ሕመም ሌላ ነው፤ ግፊት ያወፈረው ልብ። ዶክተሯ ግን ያችኑ የለመደችውን ቃል ደገመቻት። «የእናትሽ ልብ ደንድኗል።»

እንኳየሁ ብድግ አለች። «ኧረ ምነው ዶክተር! ምነው እንዲህ ትያለሽ! የኔ እናት እንኳን ለሰው ለከብት የምታዝን ሸጋ ሴት ናት! ማን ነው ልቧ ደንዳና ነው ብሎ የነገረሽ?»

አሮጊቷም «ምን አደረግኋት?» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ዶክተር ማስተዋል መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ሲገባት በሳቅ ፈነዳች፣ ነርሷ ሳቀች፣ እንኳየሁም ነገሩ ሲብራራላት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ ግን የያዝኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ልበ ደንዳና። ለቀስተኛው መሃል የተጣለው ስድብ። እኔ ያን ስድብ ነበር ስልክ ደውዬ ለተሳዳቢው የመለስኩለት። እሱስ ምን ይበል? ወንድሜ አሁንም ልቡ አልራራልኝም፣ ጭራሽ በልጁ አፍ ላከብኝ ይላል እንጂ። በሽታ የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣም። ሞት የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣም። ሰባት ወር!

አለቃዬን ሳላስፈቅድ ጋወኔን አውልቄ መናኸሪያ ሄድኩ። የእንፍራንዝ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አዘዞን ስናልፍ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ራሴን ስሰድብ ነበር። ትንሹ አባዬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ስደርስ ስድቡ ጠፋብኝ። መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የአንድ ሰው ሱሪ ይሰፋል። ፀጉሩ ሸብቷል እንጂ አንገቱ ያው፣ ክር በጥርሱ ሲበጥስ ከንፈሩን የሚያጣምምበት አኳኋን ያው። አባቴን ከመታመሙ በፊት አየሁት። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

«ማን ሞተ?» አለ ብድግ ብሎ።

«ማንም አልሞተም። ገና ነው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ፕሮቲኑን፣ እጁን፣ ትንፋሹን፣ በስልክ ያልኩት ቃል የሐኪም ቃል መሆኑን። ሲሰማኝ ቆይቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አጠገቡ እያለ።

«እኔኮ ስድቤን መልሶ የላከልኝ መሰለኝ» አለ። «ይገባኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሰባት ወር ሙሉ እሱው ይደውላል ብዬ ስልኬን ከአጠገቤ አላራቅኩም።»

ሱሪው ካለበት ሳይነሣ፣ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንዱ ሳይሰፋ፣ ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። ማክሰኚት ስንደርስ «ያመዋል?» አለኝ። «አያመውም፤ ያደክመዋል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ምን ዓይነት መገናኘት እንደሚሆን ስፈራ ነበር። ትንሹ አባዬ በሩ ላይ ቆመ። አባዬ ትራሱ ላይ ቀና አለና ከላይ እስከ ታች አየው።

«ያን ኮት ማን ነው የሰፋልህ?»

«እኔ ነኛ።»

«ታውቋል። ትከሻው ተጣሟል።»

ትንሹ አባዬ ሄዶ አልጋው ላይ ከጎኑ ተቀመጠ። እናቴ እጄን ይዛ አስወጣችኝ። ከውጭ ሆነን ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልሰማንም፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ሲስቁ ሰማን። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

ከሦስት ቀን በኋላ ዶክተር ማስተዋል ራሷ ቤታችን መጣች። ከሁለቱም ደም ቀዳች፤ ሁለቱንም ፈቃዳቸውን አስፈረመች። ከዚያ የጥናቱን ቅጽ አውጥታ ስለ ኑሯቸው ትጠይቃቸው ጀመር። በልጅነት ምን በላችሁ? ወባ ያዛችሁ? ሲጋራ? ረኀብ ያያችሁበት ዓመት? እነሱ ግን ቅጹን ወደ ጨዋታ ቀየሩት። አንዱ ይጀምራል ሌላው ይጨርሳል፤ እናታቸው አንድ ሣህን አቅርባ እንዴት እንደሚሻሙ፣ አብረው ኩፍኝ ወጥቶባቸው በአንድ ጋቢ እንዴት እንደተኙ፣ አንዱ ሲመታ ሌላው እንዴት እንደሚጮህ። ዶክተሯ በሁለቱም ቅጽ ላይ አንድ መልስ ስትጽፍ ስትጽፍ ደከማት። ከ1992 በፊት የሚለያይ ነገር አጣች። ወደ መጨረሻው ገጽ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤

«በሕይወታችሁ ከባድ ሐዘን የደረሰባችሁ መቼ ነው?»

አባዬ መለሰ፤ «እናታችንን በቀበርኩ ቀን።»

ትንሹ አባዬ መለሰ፤ «እናታችንን ባልቀበርኩ ቀን።»

ብዕሯ ቆመ። አባዬ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ከሪም፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እንጠብቀው ብለውኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሃይማኖቱን ሰበብ አደረግኩት እንጂ ፈርቼ ነው። ፊቷ ተሸፍኖ ሳየው፣ ሌላ ሦስት ሰዓት ከሷ ጋር መቀመጥ አልቻልኩም። አንተ ስትጮህብኝ መልስ ያጣሁት እውነትህን ስለነበር ነው።»

የትንሹ አባዬ እምባ እየወረደ ነበር።

«እኔም ብሆን አልጠብቅህም ነበር» አለው። «አንተን አላውቅህም እንዴ? እኔ ማለት አይደለህም?»

ዶክተር ማስተዋል ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያን ጥያቄ ምን ብላ እንደሞላችው ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አርባ አንድ ቀን አገኘን። ትንሹ አባዬ ወደ እንፍራንዝ የተመለሰው ያን ሱሪ ጨርሶ ለባለቤቱ ለመስጠት አንዴ ብቻ ነው። አልጋው አጠገብ ፍራሽ አነጠፈ። አባዬን ያጥበዋል፣ ያቅፈዋል፣ ጨው የሌለውን ምግብ እያማረረ አብሮት ይበላል። የድሮ ደንበኞቻቸው ሁሉ እየመጡ ጠየቋቸው፤ እትዬ እታገኘሁም በምርኩዝ መጥታ «የታመመው የትኛው ነው?» ብላ አሳቀቻቸው። እኔ ከሥራ ስገባ ልክ እንደ ልጅነቴ ጥግ ይዤ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ደስታዬን ግን ጥፋቴ ይበላብኝ ነበር፤ በሃያኛው ቀን ገደማ አላስቻለኝምና ለአባዬ ተናዘዝኩ። ስልኩ ይሠራ እንደነበር፣ የደወልኩት እኔ፣ ያበላሸሁት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት።

ጭንቅላቴን በዚያ በደነዘዘ እጁ ዳበሰኝ። «እኛ አሥራ ሦስት ዓመት አባክነናል» አለ። «አንቺ በሰባት ወር ታለቅሻለሽ?»

ይቅር አለኝ፤ እኔ ግን ራሴን ይቅር አላልኩም። አርባ አንድ ቀን ላይ ሰባት ወር መደመር ማን ያቅተዋል? በሁለት እግሩ ቆሞ ወንድሙን ሊቀበለው ይችል ነበር። አራዳ ወርደው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አንዲት ከሰዓት ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። ዛሬም እዚያ ሳልፍ የማስበው ይህንኑ ነው።

ሐምሌ ገብቶ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አባዬ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ትንፋሹን ጨረሰ። ገላውን ያጠበው ትንሹ አባዬ ነው። አብረውት የነበሩት ሰዎች ሰውዬው የራሱን ሬሳ የሚያጥብ ስለመሰላቸው ማየት ከብዷቸው እንደወጡ ነገሩን።

የደሙ መልስ በ2010 መጣ። እንደተጠበቀው ትንሹ አባዬም ያው ጂን አለው። ልቡ ግን እስካሁን ንጹሕ ነው። የምልክቶቹን ጉዳይ በተመለከተ የተጻፈው ደብዳቤ በጥንቃቄ የተሞላ ነበር፤ በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል አንዳንድ ልዩነት ታይቷል፣ ግን ከሁለት ሰው ተነሥቶ ምንም ማለት አይቻልም፣ ሌሎች መንታዎች ያስፈልጋሉ ይላል። የትኛው ምልክት ከየትኛው ዓመት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። እኔም ጂኑን የመውረስ ግማሽ ዕድል አለኝ። የሰው ደም ስመረምር እየዋልኩ የራሴን ለመስጠት ነገ ዛሬ እላለሁ፤ ዶክተር ማስተዋል ባየችኝ ቁጥር ወደ ክንዴ ትጠቁማለች።

ትንሹ አባዬ አሁን በየዓርቡ ጎንደር ይመጣል። ጁምዓ ሰግዶ ቤታችን ይገባና መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ይቀመጣል። እናቴ ፊቱን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ሻይ ታስቀምጥለትና ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ትወጣለች። እኔ ደግሞ እሱ ገና ከመቀመጡ ዓይኔ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፤ አብጧል? ካልሲው ምልክት አድርጎበታል? ከዚያ እጁን አያለሁ፣ ያራግፈዋል? ደረጃው ላይ ስንት ጊዜ ቆመ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉ።

ባለፈው ዓርብ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበው።

«ፈህሚያ» አለኝ፣ «እግሬን ዶክተሯ ታየዋለች። እኔ ከእንፍራንዝ ድረስ የምመጣው ፊቴን እንድታዪው ነው። ናፍቆትሽ እስኪወጣልሽ እዪኝ።»

ቀና ብዬ አየሁት። እናቴ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘች ከበሩ ተመለሰችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።